መልስ፦ ፍግ ግብዓት ነው ወይስ ውጤት?

ጠያቂያችን፣ «እርሻ የግብዓት፣ የሂደትና የውጤት ሥርዓት ከሆነ ፍግ ከየትኛው ይመደባል?» ብለው ላነሱት ጥያቄ መልሱ «ከሁለቱም» ነው፤ ከበረት ሲወጣ ውጤት፣ ማሳ ሲገባ ግብዓት ይሆናል።

ግብዓት ዘር፣ ማዳበሪያ፣ በሬና ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዝናብ፣ ፀሐይና አፈርም ጭምር ነው። ሂደቱ ከማረስ እስከ መውቃት ያለው ሥራ ሲሆን፣ ውጤቱ እህሉ፣ ገለባውና የከብት ተዋጽኦው ነው። ይህን ያህሉን ማንኛውም የትምህርት መጽሐፍ ይነግርዎታል።

ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ግን ውጤቱ ተመልሶ ግብዓት የሚሆንበት ዑደት ነው። በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሽላውን ካጨደ በኋላ አገዳውን ለመኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ ያውለዋል፤ ወደ ደሴ ዙሪያ ደጋ ሲወጡ ደግሞ እንጨት ስለሚያንስ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበት ሲነድ ሰብል ለማደግ የሚፈልገው ናይትሮጅን የተባለ ንጥረ ነገር አብዛኛው ከጭሱ ጋር ስለሚሄድ፣ ማሳው ያጣውን በተገዛ ማዳበሪያ መተካት ግድ ይላል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን በመሆኑ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 23 ኪሎ ይገኛል፤ ሆኖም ፍጉ ለአፈሩ ይሰጠው የነበረውን ብስባሽና ከእሱ የሚገኘውን እርጥበት የመያዝ አቅም አይመልስም። በእኔ እይታ የበልግ ዝናብ በተቆራረጠ ቁጥር የደጋው ገብስ ቶሎ ከሚጠወልግባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ የእርሻን ሥርዓት የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ ሲያዘጋጁ ከበረቱ ሁለት ቀስቶች ያውጡ፤ አንዱን ወደ ማሳው፣ ሌላውን ወደ ምድጃው።