ተከራይ ያለበት አሮጌ ሕንፃ ልገዛ ነው፤ ግማሹን ልክፈል?

ጥያቄ፦ ስድስት ቤቶች ያሉት ትንሽ አሮጌ አፓርታማ ልገዛ ነው። ሻጩ የወንድሙን ውክልና ይዟል። ስድስቱም ቤቶች ተከራይ አላቸው። «በወር ውስጥ አስወጣቸዋለሁ፤ ግማሹን አሁን ክፈል» ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ግማሹን አይክፈሉ። ሕንፃው የት አገር እንዳለ ስላልጻፉልኝ ተከራይ ለማስወጣት የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ እዚያው ያለ ጠበቃ ይንገርዎት። ዋናው ነገር ግን ብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው።

ሻጩ ለእርስዎ የገባው ቃል ተከራዮቹን አያስገድድም። በብዙ አገሮች ቤት ሲሸጥ የኪራይ ውሉ አይፈርስም፤ ገዢው በአከራዩ ቦታ ይተካል። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 566 ይህንኑ ይላል። የፈረንሳዩ አንቀጽ 1743 ደግሞ ቀኑ የተረጋገጠ ውል ያለውን ተከራይ ገዢው እንዳያስወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ስድስቱን ውሎች ሳያነቡ ዋጋ አይነጋገሩ።

ውሉን ማንበብ ብቻም አይበቃም። እያንዳንዱን በር አንኳኩተው ተከራዩን ያናግሩ። ስንት ይከፍላል? እስከ መቼ ከፍሏል? ማስያዣ ሰጥቷል? መልሱን በአንድ ገጽ ጽፈው ያስፈርሙት። ሻጩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብሎ ከሆነ እርስዎ ለወራት ሳንቲም ላያዩ ይችላሉ። ማስያዣውንም ተከራዩ ሲለቅ ከእርስዎ ሊጠይቅ ስለሚችል አሁኑኑ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ሰዎቹም ቤታቸው ሊሸጥ መሆኑን ከእርስዎ አፍ ቢሰሙ ደግ ነው፤ ነገ አብረዋቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ይዟል? «ማስተዳደር» ብቻ ከሆነ አይሸጥበትም። አለመሻሩን ከሰጠው ቢሮ ያረጋግጡ፤ ወንድምየውንም ራሱን ያናግሩት። ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ስምምነትም ሊያስፈልግ ይችላል።

የዕዳና እገዳ ማጣሪያ በሚፈርሙበት ሳምንት አዲስ ያውጡ። የባንክ መያዣ ከሕንፃው ጋር ነው የሚሄደው። ፕላኑንም ይዘው እስከ ጣሪያው ይውጡ፤ አሮጌ ሕንፃ ላይ ያለፈቃድ የተጨመረች ክፍል አትጠፋም።

ሻጩ ሕንፃውን ባዶ አድርጎ የሚያስረክብ ከሆነ ቀኑ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በቀኑ ካላስረከበ ገንዘቡ እንደሚመለስም እንዲሁ። ቀብዱ ትንሽ ይሁን። ቀሪው ስም እስኪዛወር በባንክ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። የውክልናውንና የውሎቹን ኮፒ ሲያገኙ ላኩልኝ፤ ከመፈረምዎ በፊት አያቸዋለሁ።