እንስሳቱ አመፁ፣ አደሙ ወይስ ሸፈቱ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» እያነበበ ነው። አማርኛው እንዲዳብር ብዬ ያነበበውን ማታ ማታ በአማርኛ እንዲነግረኝ አደርገዋለሁ። እንስሳቱ ገበሬውን ያባረሩበት ቦታ ላይ ግን እኛው ተከራከርን። እኔ «አመፁ» አልኩ፣ ባለቤቴ «አደሙ» አለ፣ እናቴ ደግሞ በስልክ «ሸፈቱ በሉት» አሉን። የቱ ነው ልክ? «እንስሳቶች» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ በቀላሉ ልጀምር። «እንስሳት» ከግእዝ የመጣ ብዙ ቁጥር ነው። «እንስሳቶች» ሲሉ የበዛውን መልሰው ማብዛት ነው። «ሕፃናቶች» ማለትም እንደዚያው። «እንስሳት» ወይም «እንስሶች» ይበል፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ።

ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። ሦስቱም ጥሩ ቃላት ናቸው፤ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው። ገበሬው ጆንስ ሰክሮ ከብቶቹን ሳያበላ ዋለ። አንዷ ላም የመኖ ቤቱን በር በቀንዷ ሰበረችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አለንጋ ይዘው የመጡትን ሰዎች ተረባርበው አባረሩ። ያን ቀን እንነሣ ብሎ ቀን የቆረጠ አልነበረም። ይህ አመፅ ነው፤ እርስዎ ትክክል ነዎት።

ማደም አስቀድሞ መመካከርን ይጠይቃል። ለባለቤትዎ ቃል ቦታ የሚገኘው ኋላ ላይ፣ በዶሮዎቹ ታሪክ ነው። የእርሻው ገዢ የሆነው አሳማ ናፖሊዮን እንቁላላችሁን አምጡ፣ ይሸጣል ሲላቸው ጣሪያው ሥር ወጥተው እዚያ ይጥላሉ፤ እንቁላሉም መሬት ላይ እየወደቀ ይሰባበራል። እሱ ደግሞ መኗቸውን ያስቆማል። አድማ ማለት ይህ ነው።

ሸፈተ ከገዢው ተጣልቶ፣ መሣሪያ አንሥቶ ጫካ የገባ ሰው ቃል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በእውነት የሸፈተ የለም። የናፖሊዮን ተቀናቃኝ የነበረው አሳማ ስኖውቦል በውሾች ተባረረ እንጂ አልሸፈተም። ናፖሊዮን ግን የተበላሸውን ሁሉ በእሱ እያላከከ እንደ ሽፍታ ያስወራበታል። ስለዚህ የእናትዎ ቃል በናፖሊዮን አፍ ውስጥ ያምራል። ሪባንና ስኳር ወዳዷን ፈረስ ሞሊንም እንዳትረሷት። ልጅዎ «ሄደች» ካለ፣ «ኮበለለች» የሚለውን ያቀብሉት። ቃል ከነትዕይንቱ የያዘ ልጅ በቀላሉ አይረሳውም፤ ዝርዝር ጽፎ ከመሸምደድ በእጅጉ ይሻላል።

አንድ መልመጃ ልጨምር። በ1945 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ መጽሐፍ የሩሲያን አብዮትና የስታሊንን አገዛዝ በእንስሳት አስመስሎ የሚተርክ ነው። አሳማዎቹ ግድግዳ ላይ የተጻፉትን ሕጎች በስውር ይለውጣሉ። በእንግሊዝኛው ሥራው ቀላል ነው፤ መስመሩ ጫፍ ላይ ሁለት ቃል መቀጠል ብቻ። በአማርኛ ግን ጫፉ በግስ ተይዟል። «ማንም እንስሳ ሌላ እንስሳ አይገድልም» የሚለውን ልጅዎ ይጻፍ። ከዚያ «ያለ ምክንያት» የሚለውን የት እንደሚያስገባ ይፈልግ። «ማንም እንስሳ ሌላ እንስሳ ያለ ምክንያት አይገድልም» ለማለት «አይገድልም» ተፍቆ እንደገና መጻፍ አለበት። የአልጋውም እንዲሁ ነው፦ «ማንም እንስሳ አንሶላ በተነጠፈበት አልጋ ላይ አይተኛም»። አሳማው ስኩዊለር አንድ ሌሊት ከተሰበረ መሰላል አጠገብ ከነቀለሙ ወድቆ ይገኛል። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሌሊት መውጣት ነበረበት።

የመጠጡ ሕግ ደግሞ የግስ ምርጫን ያስተምራል። «መጠጥ አይቀምስም» ደስ የሚል አማርኛ ነው፤ ጨርሶ የማይጠጣ ሰው የሚባለው እንደዚህ ነው። አሳማዎቹ ኋላ «ከመጠን በላይ» ሲጨምሩበት ግን «ከመጠን በላይ አይቀምስም» አይሆንም። መቅመስ ራሱ ጥቂት ነውና ከመጠን ሊያልፍ አይችልም። «አይጠጣም» ብሎ የጀመረ ልጅ ይቃናለታል። ይህን ልዩነት ራሱ እንዲደርስበት ይተዉት፤ ቶሎ አይንገሩት።

ስለ እንስሳቱ ስም ብዙም አልልም፤ ውጭ ያደጉ ልጆች «ትንሽ ላም» ሲሉ ስለምሰማ ግን ዝም አልልም። ጥጃ፣ ጊደር፣ ወይፈን፣ ኮርማ፣ በሬ፣ ሰንጋ እያለ የሚቆጥር ቋንቋ ነው ያለን። ሴቷ ፈረስ ክሎቨር ባዝራ ናት። አህያው ቤንጃሚን ከፈረሶቹ ጋር የጋማ ከብት ነው፤ ላሞቹ የቀንድ ከብት ናቸው። ናፖሊዮን ነጥቆ ያሳደጋቸው ቡችሎች ናቸው። ታሪኩን የሚመሩት አሳማዎች ብቻ ናቸው ቃል ያነሳቸው። አብዛኛው ሕዝባችን አሳማ ስለማያረባና ስለማይበላ «የአሳማ ግልገል» ከማለት ሌላ የተለመደ ስም የለንም፤ ልጅዎ እንደዚያው ቢል አያርሙት።

እንስሳቱ እርስ በርስ ሲጠራሩ የሚሉትን «ኮምሬድ» ደግሞ «ጓደኛ» ብሎ እንዳይተረጉመው። «ጓድ» ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና አላቸው፤ «ጓድ» ግን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የስብሰባና የሥልጣን ቃል ሆነ። «ጓድ ናፖሊዮን» ሲባል እንዴት እንደሚሰማ እናትዎን በስልክ ይጠይቃቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው አሳምረው ይነግሩታል።