ቴምብሩን አትላጡት

ልጆቼ፣

«ከሁሉ በማስቀደም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ብለው የሚጀምሩ ደብዳቤዎችን ሳድል ነው ያረጀሁት። እኔም በዚያው ልጀምር፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

የትውልድ መንደራችሁን ታሪክ ልጻፍ ስትሉ መጀመሪያ የምትፈልጉት መጽሐፍ ነው። ለትንሽ መንደር ማን መጽሐፍ ጻፈላት? ፖስታ ቤት ገብቶባት ከነበረ ግን ሌላ ምስክር አላት፤ ስሟና ቀኑ ያለበት፣ ደብዳቤ ላይ የሚመታው የፖስታ ቤት ማኅተም።

ፖስታችን ከባቡራችን ይቀድማል። አፄ ምኒልክ ያቋቋሙት መጋቢት 1 ቀን 1886 ሲሆን ቴምብሩ ፓሪስ ታትሞ መጣ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። አፍደምና ኤረርን የመሳሰሉ ጣቢያዎች የዚያ መስመር ልጆች ናቸው። ባቡሩ በመጀመሪያው ዘመን ሌሊት አይሄድም ነበርና ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በሦስት ቀን ይገባል፤ ደብዳቤውም አብሮት ያድራል።

እኔ በዚያው መስመር ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ፖስታ ሣጥን የነበራቸው ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ሁለት ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው የሚጻፈው «በአቶ እገሌ ሱቅ በኩል» ተብሎ ነው። (የፍቅር ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ሣጥን አስልኮ ዳይሬክተሩ እጅ የወደቀበትን ልጅ አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።) ማን ሱቅ እንደነበረው፣ የማን ልጅ ጅቡቲ፣ የማን ልጅ አሰብ ሥራ እንደገባ ከፖስታው ፊት ይነበባል። ይህን የሚነግራችሁ ሌላ ወረቀት የለም።

የሬኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ በፊርማ የሚሰጥ የአደራ ደብዳቤ፣ መዝገቦቻችን ደግሞ የተቀባዩን ስም ከነፊርማው፣ ላልተማረውም ከነአውራ ጣቱ አሻራ ይዘው ነበር። ወጣት ሳለሁ «ቦታ አጣበቡ» ብዬ አሮጌዎቹን ለባለሱቅ ሰጠኋቸው። ስኳርና ጨው ተጠቀለለባቸው። ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴው ነኝ።

ስለዚህ አያቶቻችሁን «ታሪክ ንገሩኝ» አትበሏቸው፤ ይጨነቃሉ። «የድሮ ደብዳቤ አለ ወይ?» በሏቸው፤ ሣጥኑ ይከፈታል፣ ወሬውም አብሮ ይወጣል። ቴምብሩ አማረኝ ብላችሁ አትላጡት፤ ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነውና መንደራችሁን ለሁለት ትቆርጧታላችሁ። ቀኑንም ስታነቡ ተጠንቀቁ። ማኅተሙ በብዛት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ውስጡ ያለው ጽሑፍ በእኛ። ይህን ያላስተዋለ ሰው ደብዳቤው ሰባት ስምንት ዓመት መንገድ ላይ የቆየ ይመስለዋል።

ፎቶ ስታነሡ ጀርባውንም አንሡ። የመድረሻው ማኅተም የሚመታው እዚያ ነው። እናቴ ከድሬዳዋ የጻፈችልኝ አንድ ደብዳቤ አሁንም አለኝ፤ ከፊቱ ማኅተም እስከ ጀርባው አሥራ አንድ ቀን ይቆጠራል። የአንድ ቀን መንገድ ነበር። ያን ክረምት ጎርፍ ሐዲዱን ወስዶት ነበር፤ እኔ ረስቼው ፖስታው ነው ያስታወሰኝ።