ዩኒቨርሲቲው ከሰማ በኋላ ምን አደረገ? ስለ ካምፓስ ወሲባዊ ጥቃት ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ተማሪዎች ራሳቸው ስለመሩት ንቅናቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አቤቱታ የሚያቀርቡ ተማሪዎችን ስለማማክር መልሴ ከእነሱ ወገን ቆሜ የምሰጠው ነው። ቀናቱና ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ንቅናቄ «ሚ ቱ» የወለደው ነው?

አይደለም፤ ብዙ ይቀድመዋል። ታራና በርክ «ሚ ቱ»ን («እኔም ደርሶብኛል» የሚለውን የወሲባዊ ጥቃት ተጎጂዎች ንቅናቄ) የጀመረችው በ2006 ሲሆን ዓለም የሰማው በ2017 ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ግን መምህራን በሚያደርሱት ወሲባዊ ትንኮሳ የተነሳ ዩኒቨርሲቲያቸውን የከሰሱት በ1977 ነው። ከከሳሾቹ አንዷ ፓሜላ ፕራይስ ናት፤ ኋላ ራሷ የሕግ ባለሙያ ሆናለች። ክሱን አላሸነፉም፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1980 ዘጋው። ያም ሆኖ ወሲባዊ ትንኮሳ የጾታ መድልዎ ሊሆን እንደሚችል ፍርድ ቤት ተቀበለ፤ ዬልም የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓት አበጀ። እኔ ይህን ሽንፈት ብዬ አልጠራውም።

በ1990 ደግሞ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ጥቃት አድርሰውብናል ያሏቸውን ወንዶች ስም በቤተ መጻሕፍቱ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር። የጽዳት ሠራተኞች ያጠፉታል፣ ተመልሶ ይጻፋል። ድርጊቱን ብዙ ሰው ኮንኗል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እነዚያ ሴቶች አቤት ብለው የሚሰማቸው ቢሮ ማጣታቸው ነው። በአንቲዮክ ኮሌጅ ያሉት ተማሪዎች በ1991 ሌላ መንገድ ሞከሩ፦ በግንኙነት ጊዜ ለእያንዳንዱ እርምጃ ግልጽ ፈቃድ መጠየቅ አለበት የሚል ደንብ አስወጡ። አገር ሳቀባቸው። በ2014 ካሊፎርኒያ ኮሌጆቿ በዚሁ መርህ እንዲመሩ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀች።

ታይትል ናይን የሴቶች ስፖርት ሕግ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን አገባው?

በስፖርት ይታወቅ እንጂ በ1972 የወጣው ይህ ሕግ የሚለው ሰፋ ያለ ነው፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ተቋም ውስጥ ማንም በጾታው ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል።

ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ያጠቃት ሰው እዚያ ያጋጥመኛል ብላ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ታቆማለች። አብረው የሚማሩትን ኮርስ ትተዋለች። ዶርሟ ውስጥ እንቅልፍ ያጣል ዓይኗ፣ ውጤቷ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ዊዝድሮ ሞልታ ትሄዳለች። እሱ በሰዓቱ ይመረቃል። ሕጉ «ከትምህርት መገለል» ሲል ይህንንም ይጨምራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1999 እንዳለው፣ አንድ ተማሪ በሌላው ላይ የሚያደርሰውን ከባድ ትንኮሳ እያወቀ ችላ ያለ ትምህርት ቤት ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

የንቅናቄው ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዓመታት ክርክሩ «አድርጓል ወይስ አላደረገም? ምን ለብሳ ነበር? ጠጥታ ነበር?» በሚሉ ጥያቄዎች ታጥሮ ቆየ፤ ምርመራው ሁሉ በእሷ ላይ ነበር። እነዚህ ተማሪዎች «ዩኒቨርሲቲው ከሰማ በኋላ ምን አደረገ?» ብለው ሲጠይቁ መልስ መስጠት ያለበት ተቋሙ ሆነ። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ማስረጃ አለ፦ ኢሜይል፣ የስብሰባ ቀን፣ መልስ ያልተሰጠው ደብዳቤ።

ከ2013 ጀምሮ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት እንዲመረመሩ ያደረጉት ጠበቆች ናቸው?

መነሻው ተማሪዎቹ ናቸው። አኒ ክላርክና አንድሪያ ፒኖ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በጥር 2013 ለትምህርት ሚኒስቴሩ አቤት ሲሉ ሕጉን አንብበው የተረዱት ራሳቸው ነበሩ። የተማሩትን ለሌላ ካምፓስ ተማሪዎች አስተላለፉ፣ እነዚያም ለሌሎች። በዚያው ዓመት ዳና ቦልገርና አሌክሳንድራ ብሮድስኪ «ኖው ዩር ናይን» የተባለውን፣ ተማሪዎች መብታቸውን እንዲያውቁ የሚያስተምር ድርጅት መሠረቱ። ግንቦት 1 ቀን 2014 ሚኒስቴሩ በምርመራ ላይ ያሉ 55 ተቋማትን ስም ይፋ አደረገ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዝርዝር ለሕዝብ ወጥቶ አያውቅም።

ወንጀል ከሆነ ለምን ፖሊስ ጋ አይሄዱም?

የሚሄዱ አሉ፤ ሁለቱንም መንገድ ጎን ለጎን መሄድ ይቻላል። ግን ፖሊስ ዶርም አይቀይርላትም፣ የፈተና ቀን አያራዝምላትም፣ ከእሱ ጋር ከምትማርበት ክፍል አያወጣትም። የወንጀል ጉዳይ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሴሚስተሩ ግን አይጠብቃትም።

(ከአንድ ወንድማችን) የተከሰሰውስ ሰው? በሐሰት የተወነጀለ መብት የለውም?

አለው። ጥያቄህንም በክፉ አላየውም። በ2011 የኦባማ አስተዳደር ለዩኒቨርሲቲዎች በላከው ደብዳቤ፣ ከሁለቱ ወገን ይበልጥ የሚያሳምነው ማስረጃ ለውሳኔ በቂ እንዲሆን አዘዘ። ደብዳቤው ለተከሳሾች ፍትሐዊ አይደለም ተብሎ በ2017 ተሻረ፤ በ2020 የወጣው ደንብ ደግሞ በኮሌጆች ጉዳዩ ሁለቱ ወገኖች በቀጥታ በሚሳተፉበት ችሎት እንዲሰማና የአንዱ ወገን አማካሪ ሌላውን ወገን እንዲጠይቅ አስገደደ። በ2024 ሌላ ደንብ ወጣ፤ በጥር 2025 የኬንታኪ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረውና ወደ 2020ው ተመለስን።

አስተዳደር በተቀየረ ቁጥር ደንቡ ሲገለባበጥ ሁለቱም ወገን ይጎዳል። ከማማክራቸው ተማሪዎች አንዷም የተዛባ ችሎት እንዲደረግላት ጠይቃኝ አታውቅም። በጥድፊያ የተሰጠ ውሳኔ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል፤ ያኔ ሁሉንም እንደገና ልትናገር ነው። የምትፈልገው በወቅቱ የሚሰጥ፣ ምክንያቱ የተጻፈ ውሳኔ ነው። የምቃወመው አንድ ነገር አለ፦ «የተከሳሽ መብት» እየተባለ አቤቱታውን ጨርሶ አለመስማት።

ፍራሽ ተሸክማ ስለምትዞረው ተማሪ ሰምቼ ነበር። አደባባይ መውጣት ይጠቅማል?

ኤማ ሱልኮዊች በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ2014 መስከረም እስከ 2015 ምርቃት ድረስ የዶርም ፍራሽ ተሸክማ የተመላለሰችው ነች። ኪነ ጥበብም ተቃውሞም ነበር፤ በሌሎች ካምፓሶች ያሉ ተማሪዎችም ፍራሽ ይዘው ወጡ። ዩኒቨርሲቲው ግን ጥቃት አድርሶብኛል ብላ የከሰሰችውን ተማሪ ጥፋተኛ አላለውም፤ እሱም ዩኒቨርሲቲውን ከስሶ በ2017 ተስማሙ።

ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ለንቅናቄው ጠቅሟል። ለተናጋሪዋ የሚጠቅም መሆኑን ግን ከእሷ በቀር ማንም ሊወስንላት አይገባም። አንዴ አደባባይ የወጣ ስም አይመለስም። በደቡብ አፍሪካ ሮድስ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ጥቃት አድርሰዋል የተባሉ የ11 ወንዶች ስም ዝርዝር ወጣና ትልቅ ተቃውሞ ተቀጣጠለ፤ በ2017 መጨረሻ ከተቃዋሚዎቹ ሁለት ሴቶች ለዕድሜ ልክ ከዩኒቨርሲቲው ታገዱ። ስለዚህ ማንንም «ተናገሪ፣ ጀግና ሁኚ» ብዬ አልገፋፋም።

ወንዶች ላይም ይደርሳል። እነሱስ?

ሕጉ ለሁሉም ነው። አቤቱታ የሚያቀርቡ ወንዶች አሉ፤ በንቅናቄው ውስጥም አሉ።

የዶርም ጓደኛዬ ትናንት ማታ የደረሰባትን ነገረችኝ። ምን ላድርግላት?

እህቴ፣ መጀመሪያ እመኛት፤ ለምን እዚያ እንደሄደች አትጠይቂያት። የጊዜ ገደብ ያላቸውን ነገሮች ግን ንገሪያት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን የተሻለ ነው። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ አለ፤ እሱም ቢቸኮልበት ይሻላል። ማስረጃ እንዲሰበሰብላት መመርመር ከፈለገች ባትታጠብ፣ ልብሷንም በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ብታስቀምጠው ይመረጣል። ብትታጠብም ግን አልረፈደም፤ ሆስፒታል ትሂድ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ምርመራ ያለ ክፍያ ይደረጋል፣ ለፖሊስ ማመልከትም ግዴታ አይደለም።

ብዙ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የሰሙትን ሪፖርት ማድረግ ግዴታቸው ነው። ምስጢር ጠብቆ የሚያማክራት ማን እንደሆነ ከመናገሯ በፊት ታጣራ። ከፈቀደች አብረሻት ሂጂ፤ ካልፈቀደች ለማንም አትንገሪባት።

እኛም ካምፓሳችን ውስጥ ቡድን ልናቋቁም ነው። ምን ትመክሪናለሽ?

አባል ለመሆን ታሪክን መናገር መስፈርት አይሁን። ቡድኖች ያለማወቅ ይህን ያደርጋሉ፦ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ተራ በተራ ይናገራሉ፤ ያልተናገረችው እንግዳ ትሆናለች።

ሁለተኛ፣ የምትጠይቁት የተወሰነ ይሁን። «ጥቃት ይቁም» ለሚል ጥያቄ አስተዳደሩ አጨብጭቦ ይሸኛችኋል። «ጥያቄ ያቀረበች ተማሪ ዶርም በስንት ቀን ይቀየርላታል? በጽሑፍ አሳውቁን» ስትሉ መልስ መስጠት አለበት። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ የተባባላችሁትን በኢሜይል ላኩላቸው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ተማሪ በአራት ዓመት ይመረቃል፤ አስተዳደሩ ይህን ያውቃል። ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ጥናት ይላል፣ እስክትወጡ ይጠብቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን በየስብሰባው አስገቡ፣ ሰነዱን በአንድ ሰው ስልክ ላይ አታስቀምጡ። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ሌሊት ሌላዋን ስታጽናና አድራ ጠዋት ፈተና የምትገባበትን ኑሮም አትፍቀዱ፤ የሚያማክር ባለሙያ ይኑር፣ ተረኛም ይኑር።

(ከአንዲት እናት) ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች። የመረጠችው ኮሌጅ ሪፖርት ላይ የአስገድዶ መድፈር ቁጥር ዜሮ ይላል። ልረጋጋ?

ያዩት ሪፖርት የመጣው ከአንድ ቤተሰብ ሐዘን ነው። ጂን ክሌሪ በ1986 ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ዶርሟ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች፤ ወላጆቿ ባደረጉት ትግል በ1990 ኮሌጆች የወንጀል ቁጥራቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በየዓመቱ እስከ ጥቅምት 1 ይታተማል።

ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተነገረውን ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በሚኖሩበት ግቢ ዜሮ ሲባል፣ የምናገርበት ቦታ አለ ብሎ ያመነ ሰው እንደሌለ ነው የሚጠቁመኝ። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ኮሌጅ አቤቱታ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። እርስዎ ወደ ኮሌጁ ደውለው የታይትል ናይን ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ምስጢር የሚጠብቅ አማካሪ መኖሩንና ባለፈው ዓመት ስንት አቤቱታ ተቀብለው ስንቱን በምን ያህል ጊዜ እንደጨረሱ ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩልዎ ይንገሯቸው።