በወተት ጣሳ የመጣው ደም

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ እኔ ያለሁበት ፋርማሲ ልምምድ ላይ ያለች የእኛ ልጅ የት እንደምትማር ጠየቅኋት። «ኧረ እዚሁ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው ጋሼ» አለችኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «እዚሁ» ያለቻት ነገር ከነከነችኝ። ያን ሰዓት እየቆጠረች የነበረው ደግሞ የዋርፋሪን ክኒን ነው።

አገር ቤት የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ዋርፋሪንን ያውቀዋል፤ ደም ማቅጠኛው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከከብት በረት ነው። በፈረንጆቹ 1933፣ በየካቲት ብርድ፣ አንድ የዊስኮንሲን ስቴት ገበሬ ላሞቹ ደማቸው እየፈሰሰ አለቁበት። በበረዶ ወጀብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና ነድቶ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያለባት ማዲሰን ገባ። የጫነው አንዲት የሞተች ጊደር፣ የተበላሸ ድርቆሽና አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ የማይረጋ ደም ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ክፍት ሆኖ ያገኘው የዩኒቨርሲቲውን የኬሚስትሪ መምህር የካርል ሊንክን ላቦራቶሪ ነው። ሊንክ ያን ቀን «ድርቆሹን ተው» ከማለት በቀር ብዙም አልረዳው። ደሙን ግን አልደፋውም። እሱና ተማሪዎቹ ስድስት ዓመት ለፍተው ደሙ እንዳይረጋ ያደረገውን ነገር ከድርቆሹ ውስጥ አወጡት። ከዚያ የተወለደው ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆነ፣ በ1954 ደግሞ የሰው መድኃኒት። ስሙ ራሱ የመጣው ከዩኒቨርሲቲው የምሩቃን የምርምር ፋውንዴሽን ምህጻረ ቃል፣ ከ«ዋርፍ» (WARF) ነው።

ያ ገበሬ ተማሪ አልነበረም፣ ቀጠሮም አልያዘም። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ ልጅቷ «እዚሁ ስቴት» ያለችው ዓይነት፣ ማለት ለእኔ ይኼ ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862፣ እርስ በርስ ጦርነቱ መሀል፣ የፈረመው ሕግ ለየስቴቱ በአንድ የኮንግረስ አባል 30,000 ኤከር መሬት ሰጠ። መሬቱ ተሽጦ እርሻና ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ይቋቋሙ ተባለ። መሬቱ የማን ነበር? ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ጥቁሮችን አናስገባም ላሉት ስቴቶች ደግሞ በ1890 ወይ አስገቡ ወይ ሌላ ኮሌጅ ክፈቱላቸው የሚል ሕግ ወጣ። የእኛዋን ዓለማያን፣ የዛሬዋን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲንም አትርሱ። በ1950ዎቹ የእርሻ ኮሌጁን ያቋቋሙት ከኦክላሆማ የሕዝብ ኮሌጅ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም፣ አልዋሽም። በተለይ ከ2008 ቀውስ በኋላ ብዙ ስቴቶች በጀት ሲቀንሱ ሸክሙ ተማሪው ላይ ወደቀ። ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያው ስለሚቀል፣ ነዋሪ ለመባል ምን እንደሚጠየቅ ቀድማችሁ አጣሩ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ የምትጀምሩም ኮርሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይተላለፍ እንደሆነ ሳትመዘገቡ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ «አይዞህ፣ ይተላለፋል» የሚለውን የቃል መልስ አምኜ አንድ ሴሚስተር ተቃጥሎብኛል።

ከዚያ የባሰው ጥፋቴ ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ መምህር ቢሮ አላንኳኳሁም። መምህር ያለ ጉዳይ አይረበሽም ተብዬ ነዋ ያደግሁት! መምህሮቼ በየሳምንቱ ቢሯቸው ተቀምጠው ተማሪ ይጠብቃሉ፤ እኔ በኮሪደሩ ቀስ ብዬ አልፋለሁ።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ስነግራት ክኒኑን መቁጠር አቁማ ነበር። የኬሚስትሪ መምህሯ ቢሮ ገብታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ተማሪ የሚቀበሉት ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ ሐሙስ እዚህ ነኝ» አለች።

«ሐሙስ እኔ እሸፍንልሻለሁ» አልኳት።