«ጣልያንም እንዲህ ይቸገራል እንዴ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የሒሳብ መምህር ነኝ። ማታ ማታ ግን የድሮ የውጭ ፊልም አያለሁ፣ የድሮ ጃዝ እሰማለሁ፣ ስለነሱም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው «የብስክሌት ሌቦች» ስለሚባለው የጣልያን ፊልም የጻፍኩትን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። «ፊልም ሳትማር፣ ቋንቋውን ሳትችል ምን አገባህ?» አሉኝ። አንዱማ ከኢንተርኔት ገልብጠህ ነው አለኝ፤ በጣም ከፋኝ። ጽሑፉን አያይዤዋለሁ። ፊልሙን ያየሁት ከአያቴ ጋር ነው፤ እየተረጎምኩላቸው። መሃል ላይ «ጣልያንም እንዲህ ይቸገራል እንዴ?» አሉና ዝም አሉ። እና እንደኔ ያለ ሰው ሂስ መጻፍ ይችላል? ግጥሙ ሳይገባኝስ ስለ ውጭ ዘፈን ምን ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትችላለህ። ጽሑፍህን ግን ሁለቴ አነበብኩት፣ ጓደኛህ ለምን እንደዚያ እንዳለም ገባኝ። ገልብጠሃል አልልም። ግን «ዘመን የማይሽረው ድንቅ ሥራ» የሚለውን ፊልሙን ያላየ ሰውም ይጽፈዋል። አንተ ብቻ ልትጽፈው የምትችለው የአያትህን ጥያቄ ነበር፤ እሱን ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

እስቲ አስበው። ዳይሬክተሩ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ይህን ፊልም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ጎንደር ላይ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ በነሱ አቆጣጠር 1941። በመሃሉ 7 ዓመት ብቻ ነው ያለው! ፒያሳ ብቅ ስትል የምታያቸው የፖስታ ቤቱና የሲኒማ ቤቱ ሕንፃዎች የዚያው ዘመን ናቸው። አያትህ ልጅ ሆነው ሲሰሙት ያደጉት ጣልያን ጠመንጃ የያዘ፣ አገር የወረረ ሰው ነው። እዚህ ፊልም ላይ ያገኙት ግን ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት፣ ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላ የሚያስይዝ አባት ነው። ሮም ያለ ሃያሲ በዚህ በኩል ሊገባ አይችልም። አንተ በሩ ላይ ቆመሃል።

«ቋንቋውን ሳትችል» ላሉህ ደግሞ ያንኑ የአንሶላውን ቦታ መልሰህ እየው። ሚስትየው አንሶላዎቹን ከአልጋው ላይ ገፍፋ ታስረክባለች። ከዚያ የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ይዞ መደርደሪያው ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንም ይወጣል፤ እስከ ላይ ድረስ የተከመረው ሁሉ የሌላ ሰው አንሶላ ነው። የስንቱ ቤት አልጋ ባዶ እንደቀረ ማንም በቃል አይነግርህም፣ ታየዋለህ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን እዚያ ላይ አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። ያየኸውን እንዲህ አድርገህ ለማያየው ሰው ንገረው፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አባትየውን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒም እኮ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ የተዋናይነት ትምህርት የለውም።

ማንበብ ግን አይቀርም። ስለ ዘመኑ፣ ስለ ዳይሬክተሩ አንብብ፤ ከሰው የወሰድከውን ሐሳብ «እገሌ እንዳለው» ብለህ ጻፍ፣ ያኔ ገለበጥክ የሚልህ የለም። ዓመት ስትጠቅስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በል። ጽሑፍህ ላይ 1948 ብለህ ዝም ብለሃል፤ በኛ 1948 ከሄድን ፊልሙ 7 ዓመት ዘግይቶ ይወጣል።

ወደ ሙዚቃው። አባቶቻችን የህንድ ዘፈን አንድ ቃል ሳይገባቸው ከዳር እስከ ዳር ያንጎራጉሩ ነበር፣ ስለዚህ ግጥሙ አያስፈራህ። ጃዝ እሰማለሁ ካልክ ከትራምፔት ተጫዋቹ ከማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ጀምር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቀዳ አልበም ነው፣ ዘፋኝም የለውም። የመጀመሪያውን፣ «ሶ ዋት» የሚባለውን፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ቤዙ አንድ ነገር ይላል፣ ሌሎቹ በሁለት ድምፅ ይመልሱለታል። ደግሞ ይላል፣ ደግሞ ይመልሱለታል። አውጪና ተቀባይ አይመስልህም? እኔ ይመስለኛል። ሙዚቀኞቹ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥ ኮርድ (አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) ፋንታ አንድ ስኬል (በተርታ የተደረደሩ ድምፆች) ላይ ረጋ ብለው ነው የሚጫወቱት፤ ትዝታና አምባሰልን ለይቶ በማሲንቆ ሲሰማ ላደገ የጎንደር ልጅ ይህ ሩቅ አይደለም። አንድ ናቸው ብለህ እንዳትጽፍ ብቻ። የኛ ቅኝቶች አምስት ድምፅ ናቸው፣ እነሱ እዚያ የሚጫወቱበት ሰባት አለው። ልዩነቱ የት ላይ እንደሚሰማህ ፈልገው፤ ጥሩ ጽሑፍ የሚወጣው ከዚያ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ፊልሙን ከአያትህ ጋር እንደገና እየው። በዚህኛው ዙር አትተርጉምላቸው፣ ዝም ብለህ አጠገባቸው ተቀመጥ፣ የት ላይ ምን እንዳሉ ደብተርህ ላይ ያዝ። ከዚያ ጽሑፉን ከሳቸው ጥያቄ ጀምረህ እንደ አዲስ ጻፈውና ላክልኝ። ሁለት ገጽ ይበቃል።