«የአባቴ እጅ ሲነሣ ትከሻው ላይ ቀዳዳ ይታያል»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጉልበቱን የጨረሰው በአሰብ መንገድ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ኤንትሬ የጭነት መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ አንድ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ የተነሣው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። ለእናቴ ላሳያት ብዬ ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ ቆራረጥኩት። እጁን እንዲያውለበልብ፣ መኪናው እንዲሄድ፣ እሱም «አለሁ» እንዲል ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን እጁ ሲነሣ ትከሻው ላይ ቀዳዳ ይታያል። ጎማው ቸርኬው እንደተጣመመ መኪና ይወላገዳል። አፉ ደግሞ ያስፈራል። ምን ላድርግ?
የሾፌሩ ልጅ

መልስ፦ ለእናትሽም ለአንቺም መጽናናቱን ይስጣችሁ። አብሽሪ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መላ አላቸው። ስለ አፉ ግን የምልሽ ሌላ ነው።

እኔ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት የገባሁት በ14 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሪታች ነበር። ኔጋቲቩን ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ አስቀምጬ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ጠባሳና መጨማደድ ስሞላ እውል ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ፎቶ ሳንቀሳቅስም የምሠራው ያንኑ ነው፤ ፎቶው ውስጥ የሌለውን ካለው ተበድሬ እሞላለሁ። ቀዳዳውም የመጣብሽ አቆራረጥሽ ከፍቶ አይደለም። ካሜራው ከአባትሽ ክንድ ኋላ ያለውን ኮት አላየውም። ክንዱን ስታነሺ ታዲያ ከሥሩ ምን ይኑር?

ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት ሙዪ። ፎቶውን በሁለት ቅጂ አባዢው። በአንደኛው ላይ ክንዱን አጥፊና ቦታውን ከሌላው የኮቱ ጎን በተወሰደ ጨርቅ ሸፍኚው። ጥላው በዚያኛው ጎን የተለየ ከሆነ ትንሽ አጥቁሪው ወይም አንጪው። ክንዱ የተጋረደውን የመኪናውን በርም እንደዚሁ ከራሱ ከበሩ ቆርሰሽ መልሺ። በሁለተኛው ላይ ክንዱን ብቻ አስቀሪ፤ ትከሻው ጋ ግን በስፌቱ መሥመር ቀጥ አድርገሽ አትቁረጪ። ወደ ደረቱ አስገብተሽ፣ ጫፉን እንደ ሳንቲም ክብ አድርጊው። ክንዱ የሚዞርበትን ነጥብ በዚያ ክብ መሐል ላይ ትከዪ። ክብ ነገር በመሐሉ ዙሪያ ሲዞር ጠርዙ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ቀዳዳ አይከፈትም። ክርኑም እንዲሁ ነው። ፎቶ ማስተካከያው ጂምፕም ሆነ ማንቀሳቀሻው ብሌንደር በነፃ የሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው።

በስልክ ያነሣሽውን ግን ተዪው። ዋናውን ፎቶ በስካነር 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አስነሺ። 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ ወደ 2,100 በ2,800 ፒክስል ትሆንልሻለች፤ ለተራ ቪዲዮ ትንሽ ቀርበሽ ብታሳዪው እንኳ አይደበዝዝም። ስካነር ካጣሽ የኮምቦልቻ ፀሐይ ለዚህ አይመችም፤ የፎቶው ገጽ ያብረቀርቃል። ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ጉም በወረደበት ጠዋት በረንዳ ላይ አንሺው። ከዚያ የተሻለ ለስላሳ ብርሃን የትም አላገኘሁም።

አሁን ወደ ማውለብለቡ። ቆርጦ ማንቀሳቀስ የቆየ ጥበብ ነው። ጀርመናዊቷ ሎቴ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣችውን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚረዝም ፊልም የሠራችው ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ መገጣጠሚያውን በሽቦ እያያዘች ነው። ፊልም ሠሪው ቴሪ ጊሊያም ደግሞ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን የድሮ ፎቶዎችን ቆርጦ ያንቀሳቅስ ነበር። የራይኒገር ሰዎች ጥቁር ጥላ ብቻ ስለሆኑ ክንዳቸው እስከ ፈለገችው ቢዞር ችግር የለውም። ፎቶ ግን የተነሣበትን ብርሃን በላዩ አትሞ ይኖራል። የአባትሽ እጅጌ ከላይ ፀሐይ ካረፈበት፣ ክንዱን ሩብ ዙር ስታዞሪው ፀሐይዋ አብራ ትዞራለች። ዓይን ይህን ወዲያው ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ባይናገርም ያውቃል። እኔ ከ30 ዲግሪ አላልፍም።

ደግሞ የእጁን ጣቶች ተመልከቺ። በር ላይ ያረፈ እጅ ጣቶቹ ተጣጥፈዋል፣ መዳፉ አይታይም። እሱን አንስተሽ ብታውለበልቢው በር እንደያዘ በአየር ላይ ይቀራል። እኔ ብሆን ፎቶው የጀመረውን ነገር አስጨርሰው ነበር፤ በሩን ሁለቴ መታ መታ ያድርግ። ሾፌርን «ንዳ!» ሲሉት እንደዚያ አይደል? ከክርኑ በታች ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ትከሻውን መንካት ላያስፈልግሽም ይችላል።

ፍጥነቱን እንዲህ አስቢው። ቪዲዮሽ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነ እያንዳንዱን አቀማመጥ ሁለት ፍሬም አቆዪው፤ በሰከንድ 12 አቀማመጥ ይሆናል ማለት ነው። እጁ በአራት አቀማመጥ ይነሣ፣ አንድ አቀማመጥ ያህል ላይ ይቆይ፣ በሁለት ይውረድ። ሲነሣ ያዝ ያዝ፣ ሲወርድ ፈጠን። ሁሉም እኩል ከሆነ የሰዓት ዘንግ እንጂ የሰው እጅ አይመስልም።

ጎማው የሚወላገድብሽ መኪናው ከሰያፍ ስለተነሣ ነው። ከሰያፍ የታየ ክብ ሞላላ ነው፤ ሞላላን ስታዞሪ ይወላገዳል። መጀመሪያ ስበሽ ክብ አድርጊው፣ ክቡን አዙሪ፣ ከዚያ የሚዞረውን ሌየር (የምስል ንብርብር) በሌላ ሌየር ውስጥ አስገብተሽ ውጪኛውን መልሰሽ አጥብቢው። የጭቃ መከላከያው ጥላ አብሮ እንዳይዞር ቆርጠሽ ከላይ አስቀሪው። እንዲህም ሆኖ መኪናውን እንዳታስኬጂው እመክርሻለሁ። ከሰያፍ የተነሣ መኪና ወደ ጎን ሲገፋ መንሸራተት ነው እንጂ መሄድ አይመስልም። ቆሞ ሞተሩ ይነሣ፤ ካቢናውን በየጥቂት ፍሬሙ አንድ ፒክስል ወደ ላይና ወደ ታች አድርጊው፣ ጎማው ግን መሬቱን አይልቀቅ። ኤንትሬ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ካቢናው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እናትሽ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

አፉን አትቁረጪ። አንድ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ የሟች እናታቸውን ፎቶ አገጩን ለይቼ «እንኳን አደረሳችሁ» አስብዬ ነበር። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ሲያዩት ታላቋ ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከክፍሉ ወጣች። በማግስቱ ፋይሉን አጥፋልን አሉኝ፤ አጠፋሁት። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል። ቤተሰብ የራሱን ሰው አፍ በሺህ ማለዳ አይቶታል፤ እንዴት እንደሚከፈት ያውቃል፣ እኔ ግን አላውቅም። ፎቶው ድምፅ የለውም፣ አንቺም ከየትም ልታመጪለት አትችዪም።

ከፈለግሽ ዓይኑን አንዴ አርገብግቢው። ሽፋኑን ከቅንድቡ ሥር ካለው ቆዳ ውሰጂ፣ ሦስት አቀማመጥ ይበቃዋል።

ለእናትሽ ስታሳዪያት ፎቶው መጀመሪያ አራት ሰከንድ ያህል ምንም ሳይንቀሳቀስ ይቁም፤ የምታውቀውን ፎቶ በደንብ ትየው። ከዚያ ሞተሩ ይነሣ፣ ከዚያ እጁ። የሞተሩን ድምፅ ከኢንተርኔት አትውሰጂ። ኮምቦልቻ ጋራዦች አካባቢ አሮጌ ኤንትሬ ካገኘሽ ሾፌሩን ለምነሽ በስልክሽ ቅጂ፤ ጠዋት ሲቀዘቅዝ፣ ገና ሲያስነሣው።